ሰማያዊው ብልቃጥ

ቢቸና የተከራየኋት ክፍል አንዲት መስኮት ብቻ ነበራት፤ ወደ ምዕራብ የምታይ። ከመስኮቷ አጠገብ ባለው ጣውላ ላይ መጽሐፎቼን በቁመታቸው ልክ ደርድሬያለሁ። ከመጽሐፎቹ ፊት ደግሞ ሦስት ትንንሽ ብልቃጦች በመደዳ ቆመዋል። በመጀመሪያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ፣ የሁለተኛው ቢጫ፣ የሦስተኛው እንደ ውኃ የጠራ ነበር። ነገር ሁሉ በተራው ሲቀመጥ ደስ ይለኛል። ኤ የመጀመሪያው ፊደል ስለሆነ ኤ የተጻፈበትን ሰማያዊ ከመስኮቱ ዳር አደረግሁት፤ ቢ የተጻፈበት ቢጫ ቀጠለ፤ የጠራው መጨረሻ ላይ በመጽሐፎቹ ጥላ ውስጥ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ መጀመሪያ የምታገኘው ሰማያዊውን ነበር። ብርሃኑ በውስጡ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ነጥብ ይወድቃል። ውበቱን ለማየት ብዬ ደብተር ማረሜን አቋርጬ አውቃለሁ።

የደም መመርመሪያ ብልቃጦቹን የሰጠኝ በላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛዬ ነበር። ያኔ ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ቀርተውታል፤ እኔ ደግሞ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የደም ዓይነትን በሥዕል ብቻ ማስተማር አላረካኝም፤ እየለመንኩ ስላስቸገርኩት አንድ ቀን በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ።

«ብርድ ይወዳሉ፤ ማቀዝቀዣ ፈልግላቸው» አለኝ።

«ቢቸና ራሷ ማቀዝቀዣ አይደለችም እንዴ?» አልኩት።

ሳቅን። ነገሩ በዚያው አለፈ።

ብልቃጦቹ ጣውላው ላይ ሳምንታት ከቆዩ በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ አሥረኛ ክፍል ይዤያቸው ገባሁ። ለተማሪዎቼ ያስረዳኋቸው እንዲህ ብዬ ነው። በግ ያለው ሰው በጎቹን ከጎረቤቱ በጎች የሚለየው ጆሮአቸው ላይ በሚያደርገው ምልክት ነው። ቀይ የደም ሕዋሶቻችንም እንዲሁ ምልክት አላቸው። አንዱ ምልክት ኤ ይባላል፤ ሌላው ቢ። ኤ ያለበት ሰው ደሙ ኤ ነው፤ ቢ ያለበት ቢ፤ ሁለቱም ያሉበት ኤቢ፤ ሁለቱም የሌሉበት ኦ ነው። ሰውነታችን የራሱን ምልክት ያውቃል። የማያውቀው ምልክት ያለበት ደም ሲገባበት ግን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዘምትበታል፤ በሽተኛውም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ምንም ምልክት የሌለበት ኦ ለሁሉም ይሰጣል፤ ሲቀበል ግን ከኦ ብቻ ነው። አርኤች የሚባል ሌላም ምልክት አለ። ኤን የሚለየው ሰማያዊው ብልቃጥ፣ ቢን ቢጫው፣ አርኤችን የጠራው ነው፤ ምልክቱ ያለበት ደም ፈሳሹ ሲነካው ይቋጠራል።

«ለጋስ ሰው ማለት ነዋ» አለ አንዱ ከፊት።

«ለጋስም ብቸኛም» አልኩት። ይህች አባባል ደስ ስላለችኝ ሰሌዳው ላይ ጻፍኳት።

ከዚያ በመርፌ የግራ እጄን የቀለበት ጣት ወጋሁ። ነጭ የሴራሚክ ቁራጭ ላይ ሦስት ጠብታ ደም አደረግሁና በየጠብታው አጠገብ ከየብልቃጡ አንድ አንድ ጠብታ ጨምሬ በክብሪት እንጨት አማሰልኩ። በኤው ብልቃጥ ደሜ ዝም አለ። በቢውም ዝም አለ። በጠራው ግን እንደተበላሸ ወተት ተቋጠረ። «ኦ ፖዘቲቭ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ክፍሉ አጨበጨበልኝ።

ፈቃደኛ የሆኑ ሃያ ስድስት ተማሪዎች ወጡ። ለእያንዳንዱ አዲስ መርፌ ነበረኝ። ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ በየዓምዱ ጭረት እያደረግሁ ሞላሁት። የኦ ዓምድ ሞላ። የቢ ጥቂት ሆነ። የኤ እና የኤቢ ዓምዶች ባዶ ቀሩ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ከሃያ ሰባት ሰው አንድም ኤ የለም?»

«እንደምታዪው የለም።»

«መጽሐፉ ላይ ግን ኤ የሆነ ሰው ብዙ ነው ይላል።»

«ለአንቺ ሲባል ኤ እንሁንልሽ እንዴ!» አላት ከጎኗ ያለው። ክፍሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም፤ ማስረዳት ጀመርኩ። የአንድ አካባቢ ሰዎች ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ ስለሚጋቡ የደም ዓይነታቸው ይመሳሰላል አልኩ።

«እኛ እኮ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው» አለች።

«ሰባት ቤት ለዘር ቅርብ ነው» አልኩና ሰሌዳውን ጠርጌ፣ ቀስትና ክብ እየሣልኩ፣ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አስረዳሁ። ሁሉም ጻፉ። እሷም ጻፈች፤ እየዘገየች። እኔ ግን ያን ቀን ጥሩ ጥያቄ በጥሩ መልስ ያስተናገድኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የቀረው ነገር የእህቴ ነው።

እናትና አባታችንን ገና ልጆች ሳለን ቀብረናል። እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። አገራችን ከግንደወይን ከመኪና መንገዱ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ይላል። ሁለተኛ ደረጃ ሞጣ ስማር ከሌሎች ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እህቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ድርቆሽና ሽሮ ተሸክማ፣ መኪና ስታገኝ በመኪና፣ ስታጣ በእግሯ፣ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ስንቁን አውርዳ ትንሽ አረፍ ትልና «ምን ተማርክ?» ትለኛለች። እኔም አስረዳታለሁ። አሁን ሳስበው ማስረዳት የለመድኩት ከእሷ ፊት ነው። ተምሬ ደመወዝ እስክይዝ ድረስ ለትዳር የጠየቋትን ሁሉ ስትመልስ ኖረች። ያገባችው እኔ ሥራ በያዝኩ ዓመት ነው።

በጥምቀት እረፍት ብልቃጦቹን በካልሲዬ ጠቅልዬ ወደ እህቴ ሄድኩ። ሆዷ ገፍቷል። ጣቷን ስወጋ «እሰይ! ያሳደግሁት እባብ ነደፈኝ» ብላ ባሏን አሳቀችው። ደሟ ኦ ሆነ። የባሏ ቢ ሆነ። ከደብተሬ ጀርባ ላይ በቀይ መስመር ሠንጠረዥ ሠርቼ ሦስታችንንም ጻፍኩና ትርጉሙን አስረዳኋት።

«የባልሽ ደም ለአንቺ አይሆንም። የእኔ ግን ይሆናል፤ እኔና አንቺ አንድ ነን።»

«አየህ አንተ!» አለችው ባሏን። «ባልሽ መመኪያሽ ሲሉኝ የነበረው ለካ በከንቱ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እንግዲህ የእኔ ቢያልቅ ቢቸና አንድ ጋን ሙሉ ተቀምጦልኛላ» አለች።

«ሙሉ ጋን» አልኳት።

ለፋሲካ ተመልሼ መጣሁ። በማግሥቱ ሰኞ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያማጠችው እህቴ ጎህ ሲቀድ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሴቶቹ እልል አሉ። የእንግዴ ልጁም ወጣ። ደሙ ግን አልቆመም። አዋላጇ መጀመሪያ «ይቆማል» አለች፤ በኋላ ወደ ውጭ ወጥታ «ቃሬዛ!» ብላ ጮኸች።

በዓል ስለሆነ ወንዱ ሁሉ ቤቱ ነበር። ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ከየአቅጣጫው መጣ። በጠፍር የተጠላለፉት ሁለት አጠናዎች ከእድሩ ቤት ወጡ፤ ጋቢ ተነጠፈባቸው፤ እህቴ ተኛችባቸው። ሕፃኗን ለጎረቤት ሴቶች ትተን መንገድ ጀመርን። አሥራ ስምንት ወንዶች በአራት በአራት እየተቀባበሉ በሩጫና በእርምጃ መካከል ባለ አካሄድ ይሄዳሉ። ከፊት የሚመሩት የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አጭር፣ ቁጡ ሰው። እኔም በተራዬ ገባሁ። ከመቶ እርምጃ በኋላ መንገዳገድ ስጀምር አዩኝ።

«ይኼ የጠመኔ ትከሻ ነው፤ ቶሎ ለውጡት!» አሉ።

ቃሬዛው ላይ እህቴ ፈገግ ስትል አየኋት።

በእኛ አገር ቃሬዛ ያነሣ ሰው መንገድ ላይ አይመለስም። በሽተኛው ሐኪም እጅ እስኪገባ ወይም ወደ ቤቱ እስኪመለስ አብሮ ነው። መንገድ ላይ የተለየ ሰው ካለ ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሣል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ግንደወይን ያገኘናት ነርስ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ሰቀለችላት፤ የምትችለውን ሁሉ አደረገች፤ ከዚያ እኔንና ባሏን ለብቻችን ጠርታ፣ «ሞጣ አድርሷት። ደም ያስፈልጋታል። የተቀመጠ ደም ስለማይኖር ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ብዙ ሰው» አለችን። አንድ ፒካፕ ተገኘ። እህቴን ከኋላ ፍራሽ ላይ አስተኛናት። አሥራ ስምንቱም ሊወጡ መኪናውን ከበቡት።

እኔ ደብተሬን አወጣሁ።

አሁን እዚህ የምጽፈው እያንዳንዱ ምክንያት ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ መኪናው ከከበደ ይዘገያል፤ እሷንም ያንገላታታል። ሰዎቹ ሁለት ወር ሙሉ ጾመው ገና ትናንት ነው የገደፉት፤ ደም ለመስጠት አቅም የላቸውም። ሁለቱ ሦስቱ ደግሞ ደም ይቀዳል ሲባል ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ፤ አዘንኩላቸው። ከሁሉ በላይ ሠንጠረዡ አለ። መኪናው ላይ ቆሜ አስረዳኋቸው። ኦ ከኦ ብቻ ነው የሚቀበል፤ እሷ ኦ ናት፤ እኔ ኦ ነኝ፤ የእናንተ አይታወቅም። ደሙን እኔ እሰጣለሁ፤ ለማስታመም እኔና ባሏ እንበቃለን፤ እናንተ ተመለሱ አልኩ።

ዳኛው አንድ እጃቸው የመኪናውን ጠርዝ እንደያዘ ቀና ብለው አዩኝ።

«ቃሬዛ የያዘ ሰው ተመለስ አይባልም» አሉ።

«አባቴ፣ ይህ የጉልበት ሥራ አይደለም፤ የዕውቀት ነው።»

«ደብተርህ ቢሳሳትስ?»

«ደብተር አይሳሳትም፣ አባቴ።»

እጃቸውን ከመኪናው ላይ አነሡ። የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ እህቴ፣ ባሏና እኔ።

መንገድ ላይ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ደግፌ ነበር። ከንፈሯ እንደ ጠመኔ ነጥቷል። ባሏ ሲያለቅስ አየችውና በጣም ቀስ ባለ ድምፅ «አትፍራ፤ ጋኔ አብሮኝ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገረችም።

ሞጣ ስንደርስ ሐኪሞቹ ጊዜ አላጠፉም። ለምርመራ ደም ተወሰደላት፤ ከእኔም ከባሏም ተወሰደ። እኔ ላብራቶሪው በር ላይ እጅጌዬን ሰብስቤ ቆምኩ። የላብራቶሪው ባለሙያ ብቅ አለና «ሌላ ወንድም አላት?» አለ።

«የለም፤ እኔ ነኝ። ኦ ነኝ» አልኩት።

«አይደለህም። አንተ ኤ ነህ፤ ባሏ ቢ ነው። እሷ ኦ ናት። ሁለታችሁም አትሆኑም።»

አልተቀበልኩትም። ደብተሬን አሳየሁት። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ለላብራቶሪ ባለሙያ ስለ ደም ዓይነት ማስረዳት ጀመርኩ። ሰውየው አልተቆጣም። ክንዴን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባኝና ነጩን ሴራሚክ አሳየኝ። በሰማያዊው ጠብታ ውስጥ ደሜ ተቋጥሯል፤ እንደ ጡብ ስባሪ ቀይ ፍርፋሪ ሆኗል። በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ሳስተምረው የኖርኩት የኤ ምልክት እሱ ነበር። በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«ያንተን ብልቃጥ የት ነበር ያስቀመጥከው?» አለኝ።

«መስኮት ዳር።»

ሴራሚኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «ሌላ ሰው የለም? ይዛችሁ የመጣችሁት ሰው የለም?» አለ።

«አሥራ ስምንት ነበሩ። መለስኳቸው።»

የተማርኩበት ትምህርት ቤት ከዚያ ሩቅ አልነበረም፤ ግን የፋሲካ ሳምንት ስለሆነ ግቢው ባዶ ነው። ዘበኛው ብቻ ነበር። ሽማግሌ ቢሆንም «እኔን ውሰደኝ» ብሎ ተከተለኝ፤ ቢ ሆነ። ቀድሞ የተከራየሁበት ቤት ሄጄ አከራዬን ለመንኩ፤ በዓል ሊጠይቁ የመጡትን እንግዶቿን ሁሉ አስነሥታ መጣች። ከመካከላቸው አንድ ወጣት ኦ ሆኖ ተገኘ። አልጋው ላይ ተጋደመ፤ ደሙ በቱቦው እየወረደ ከረጢቱ መሙላት ጀመረ። እኔ ከረጢቱን እያየሁ ነበር። ግማሽ ያህል ሲሞላ የእህቴ ባል ከወዲያኛው ክፍል ወጣ። ነጠላው ፊቱ ላይ ነበር።

ሐኪሙን ሰው ቀደም ብሎ ቢገኝ ትድን ነበር ወይ ብዬ ልጠይቀው ብዙ ጊዜ ፈልጌያለሁ። አልጠየቅሁትም።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል አስከሬኗን ወደ አገሯ የምንወስድበት መኪና ስንጠብቅ፣ በሆስፒታሉ በር በኩል አቧራ የለበሱ ሰዎች ገቡ። መጀመሪያ ያየሁት ባዶውን ቃሬዛ ነው። ሁለት ሰው ተሸክሞታል። ከፊትና ከኋላው አሥራ ስድስቱ አሉ። አልተመለሱም ኖሯል። ከግንደወይን ጀምሮ መኪናችን የሄደበትን መንገድ በአቋራጭም በዋናውም እየቆረጡ በእግራቸው መጥተዋል። የበዓል ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው አፈር ሆኗል።

ዳኛው ፊት ፊት መጡ። እኛን ገና አላስተዋሉም፤ ያዩት በረንዳው ላይ ነጭ ጋዋን ለብሶ የቆመውን የላብራቶሪውን ባለሙያ ነው። እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ «ይኸው መጥተናል። ከእኔ ጀምር፤ ቅዳ» አሉት።

ባለሙያው ወደ እኔ ዞረ። እሳቸውም ዓይኑን ተከትለው አዩኝ፤ ከዚያ የባሏን ነጠላ አዩ። እጅጌያቸውን መልሰው አወረዱ። ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ እመርጥ ነበር። መጥተው ከጎኔ ተቀመጡና «በል ተነሣ ልጄ፤ የምንሸከመው አለ» አሉ።

መኪናው ከመንገዱ ዳር ሲያወርደን ቀሪውን መንገድ በዚያው ቃሬዛ ተሸከምናት። እኔም በተራዬ ገባሁ። ያን ጊዜ ትከሻዬን ማንም አላስለወጠኝም።

ከአርባዋ በኋላ ዳኛውና ጥቂቶቹ ለራሳቸው ጉዳይ ሞጣ ሲሄዱ ደማቸውን አስመርምረው ነበር። ይህን የነገረኝ የእህቴ ባል ነው። ዳኛው ኦ ናቸው። እሳቸው እስከ ዛሬ ይህን ከአፋቸው አውጥተው አልነገሩኝም። ሕፃኗን ለማየት በሄድኩ ቁጥር ግን ከበሩ ላይ ቆመው «መምህሩ መጣ፤ ወንበር ስጡት» ይላሉ።

ቢቸና ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ብልቃጦቹን ወደ ሰጠኝ ጓደኛዬ መውሰድ ነው። እሱም ሰማያዊውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየውና «ይኼማ በፀሐይ ሞቷል» አለ። ቢጫውና የጠራው ደህና ነበሩ። የሞተው የፊደል ተራ ጠብቄ ከመስኮቱ ዳር ያቆምኩት ብቻ ነው።

በማግሥቱ አሥረኛ ክፍል ገባሁ። ተማሪዎቹ ጥቁር ልብሴን አይተው ተነሡ፤ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አሉኝ። ተቀመጡ አልኳቸው። የዕለቱ ትምህርት ሌላ ነበር፤ እኔ ግን ከታኅሣሡ ሠንጠረዥ ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ እንደገና ሣልኩት፤ የኤው ዓምድ ባዶ እንደሆነ። ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር አየሁ።

«አንቺ፣ ያን ቀን ከሃያ ሰባት ሰው አንድም ኤ የለም ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር።»

ልጅቷ ደንግጣ ቆመች። «አዎ፣ ቲቸር።»

«አለ» አልኳት። «እኔ ነኝ። ከእናንተም ኤ የሆናችሁ ትኖራላችሁ፤ ማን ማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ያኔ የነገርኳችሁ ውጤት ስሕተት ነው፤ ማንም ሰው በዚያ እንዳይተማመን።»

ልጅቷ እንደቆመች ናት። ሌላ የምትጠይቀኝ ነገር ካለ ብዬ ጠበቅሁ፤ የምመልሰው ባይኖረኝም ጠበቅሁ። አልጠየቀችም፤ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉም እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፍተው ያልኩትን ደብተራቸው ላይ ጻፉት።